ጠይቁኝ፦ ገድሎ ማኖር የሚባል ነገር አለ እንዴ?

በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች ውስጥ ሶስቱን መርጫለሁ፣ ሶስቱም ሳይነጋገሩ ስለ አንድ ነገር፣ እንስሳን ስለማደንና ስለማኖር ነው የጻፉት። የመጀመሪያው ረዘም ስላለ እኔም መልሴን አርዝሜዋለሁ፣ ቡና ያዙ።

ጥያቄ፦ ጋሼ እንዴት ነህ፣ የድሬዳዋ፣ የሳቢያን ሰፈር ልጅ ነኝ። አንድ የአጎቴ ልጅ አለ፣ አሜሪካ ሚኔሶታ ከሄደ አስራ ምናምን አመቱ ነው፣ እዚህ እያለ ዶሮ ሲታረድ እንኳን ጓዳ የሚደበቅ ልጅ ነበር። አሁን በየህዳሩ ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሶ ጫካ ይገባና አጋዘን ገድሎ ቀንዱን ይዞ የተነሳውን ፎቶ የቤተሰብ ግሩፕ ላይ ይለጥፋል። እናቴ ፎቶውን ባየች ቁጥር ታለቅሳለች (እናቴ ለሁሉም ነገር ታለቅሳለች)። ባለፈው "አንተ ለእንስሳ አታዝንም?" ብለን ስናፋጥጠው "እንዲያውም የማኖራቸው እኔ ነኝ፣ ፈቃድ ሳወጣም ጥይት ስገዛም ለነሱ ነው የምከፍለው" አይልም መሰለህ! ግሩፑ ተቀወጠ። እኔ ውሸቱን ነው ብዬ አንድ ኪሎ የባቢሌ ለውዝ አስይዤ ተወራርጃለሁ፣ ከተሸነፍኩ በሰው መላክ አለብኝ። እውነቱን ነው ወይ? እውነት ከሆነስ እኛ ጋ ለምን አይሰራም፣ የባቢሌ ዝሆን እኮ አለቀ።

መልስ፦ አቦ ተበልተሃል። ግን ቶሎ አትላክለት፣ መጨረሻ ላይ ስለ ኪሎው እንነጋገራለን።

አሜሪካኖቹ በአንድ ወቅት የዱር እንስሳቸውን ሊጨርሱት ምንም አልቀራቸውም ነበር። ስጋውንም ቆዳውንም ገበያ አውጥተው ነበር የሚሸጡት፣ ከልካይ የለም፣ ጫካውም በመጥረቢያ አልቋል። ያ የአጎትህ ልጅ ፎቶ የሚነሳበት ነጭ ጭራ አጋዘን በ1900 እ.ኤ.አ. አካባቢ በመላው ሀገር ከግማሽ ሚሊዮን አይበልጥም ነበር ይባላል፣ ዛሬ 30 ሚሊዮን አካባቢ ነው፣ ወላ የሰው ጓሮ ገብቶ አበባ እየበላ የሚያስቸግር ሆኗል። መሃል ላይ ምን ሆነ ካልከኝ ብዙ ነገር ሆነ፣ የስጋ ንግዱ ታገደ፣ የአደን ወቅትና ኮታ መጣ፣ ግን አንዱ ትልቁ ነገር ብሩ ነው።

በ1937 እ.ኤ.አ. ፕሬዝዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት የፈረመው ፒትማን ሮበርትሰን የሚባል ህግ አለ። ጠመንጃና ጥይት ላይ 11 በመቶ ታክስ አለ፣ ሽጉጥ ላይ 10፣ የሚከፍለው ፋብሪካው ወይ አስመጪው ነው፣ ስለዚህ ገዢው ዋጋው ውስጥ ተደብቆ ሳያየው ይከፍለዋል። ልብ በል፣ የጠመንጃው ታክስ ከህጉ በፊትም ነበር። ህጉ ያደረገው ብሩ የመንግስት ትልቁ ካዝና ውስጥ ገብቶ ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ መቅለጡን አስቀርቶ ለዱር እንስሳ ስራ ብቻ እንዲወጣ ማሰር ነው። ከ13 አመት በኋላ በ1950 ለዓሳ አጥማጁም እንደዛው አደረጉለት፣ ዘንጉ፣ የክር መጠቅለያው፣ ሰው ሰራሽ ማባበያው ላይ ታክስ፣ በ1984 ደግሞ የሞተር ጀልባ ቤንዚን ታክስም ተጨመረበት።

እኔን የገረመኝ ግን ታክሱ አይደለም፣ ቁልፉ ነው። አንድ ስቴት (እንደኛ ክልል በለው) ከዚህ ብር ድርሻ ከፈለገ መጀመሪያ የራሱን ህግ አውጥቶ አዳኞች ለፈቃድ የሚከፍሉትን ብር ከዱር እንስሳና ከዓሳ መስሪያ ቤቱ ውጪ ላንዳች ነገር አላውልም ማለት አለበት። በጀት ጎደለብኝ ብሎ ለመንገድ ወይ ለስታዲየም ቢያዞረው የፌደራሉ ድርሻ ሊቀርበት ይችላል። ፌደራል ለአንድ ስራ እስከ 75 በመቶ ይሰጣል፣ ቀሪውን ስቴቱ ያዋጣል፣ ስቴቱ የሚያዋጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዛው ከፈቃድ ብር ነው። አየህ እንዴት እንደተቆላለፈ? ሌባ ቢመጣ እንኳን በሩ ሁለት ቁልፍ ነው።

ሌላም አለ፣ የዳክዬ ቴምብር የሚሉት። ከ1934 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው፣ ያኔ 1 ዶላር፣ አሁን 25 ዶላር። ዳክዬና ዝይ የሚያድን 16 አመት የሞላው ሰው ሁሉ መግዛት ግዴታው ነው፣ ከእያንዳንዱ ዶላር 98 ሳንቲሙ ረግረግ መሬት መግዣና መከራያ ይሆናል። የሚገርመው አድኖ የማያውቅ ሰውም ይገዛዋል፣ ወፍ ለማየት የሚሄድ፣ ቴምብር የሚሰበስብ። ያ ረግረግ ሲጠበቅ ዳክዬው ብቻ አይደለም የሚኖርበት፣ እንቁራሪቱም አለ፣ ማንም የማይተኩስበት ትንሽዬ ወፍም አለ።

አሁን የአጎትህ ልጅ የተሳሳተበትን ልንገርህ፣ "የማኖራቸው እኔ ነኝ" ሲል ትንሽ ጉራ አለበት። ዛሬ ከዛ የጠመንጃ ታክስ ብዙው የሚመጣው በህይወቱ አጋዘን ላይ ተኩሶ ከማያውቅ ሰው ነው፣ ሽጉጥ ቤቱ ለማስቀመጥ የገዛ፣ ኢላማ ለመለማመድ ጥይት የሚገዛ። አዳኙ ደግሞ ከህዝቡ ቁጥር ጋር ሲነጻጸር እየቀነሰ ነው የመጣው፣ አባትየው ያድናል ልጁ ስልኩ ላይ ነው፣ እና ፈቃድ የሚያወጣው ሰው ካነሰ ጫካውን ማን ያኖረዋል ብለው እነሱም ተጨንቀዋል። ደግሞ ብሩ ያዘነበለው ወደሚታደኑት ነው፣ ማንም የማያድነው እንሽላሊት ድርሻው ትንሽ ነው።

ወደ ሰፈራችን ልምጣ። ይሄን ነገር የሚያስረዳ ከሐረር የጅብ ሰውዬ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ማታ ከጀጎል ግንብ ውጭ ሄደህ አይተህ ከሆነ፣ ሰውየው መሬት ላይ ቁጭ ብሏል፣ አጠገቡ በቅርጫት የስጋ ቁርጥራጭ አለ፣ አብዛኛው ጅማትና ሽፋን ነው፣ የባጃጁ መብራት በርቷል፣ እሱ በየስማቸው ይጠራል እነሱ ከጨለማው ትከሻቸውን ሰብቀው ይመጣሉ። ፈረንጁ እንጨቱን በጥርሱ ነክሶ ጫፉ ላይ ያለውን ስጋ ጅቡ ሲወስድበት ይጮሃል፣ ከዛ ብር ይሰጣል። ያ ብር ምን ይሆናል? ጠዋት ሰውየው ስጋ ቤት ይሄዳል፣ ትራፊ ይገዛል፣ ማታ ጅቡ ይበላዋል፣ የተረፈው የቤቱ አስቤዛ ነው። ደረሰኝ የለ ፕሮፖዛል የለ፣ ግን ብሩ ከጅብ መጥቶ ወደ ጅብ ነው የሚመለሰው። ሰፈሩም ጅቡን አይነካውም፣ አንድም ከድሮ የመጣ ነው፣ ለአሹራ በዓል ገንፎ በቅቤ የሚያቀርብለት ህዝብ ነው፣ ሌላም ጅቡ እንግዳ ያመጣል። አሜሪካኖቹ በህግ ያሰሩትን የኛ ሰው በቅርጫት አስሮታል።

አሁን ደግሞ የተገላቢጦሹን። ኢትዮጵያ ውስጥ በህግ የተፈቀደ አደን አለ፣ ብዙ ሰው አያውቅም። ባሌና አርሲ ውስጥ የአደን ቀጠናዎች አሉ፣ የውጭ ዜጋ ፈቃድ ካለው ፕሮፌሽናል አዳኝ ጋር ይመጣል፣ ኮታ አለ፣ የሚታደነው በእድሜ የገፋ ወንድ ነው፣ በዋናነት የሚፈልጉትም የደጋ አጋዘን ነው ምክንያቱም ከኢትዮጵያ ውጪ የትም አይገኝም፣ ሳይንቲስቶችም ያወቁት ዘግይተው ነው፣ ስም ያገኘው በ1910 እ.ኤ.አ. ነው። አንዱ ፈረንጅ ለአንድ እንስሳ የሚከፍለው ብር የኛ ሰው አመት ሙሉ ሰርቶ የማያገኘው ነው። ከገቢው አብዛኛው ለክልል እንዲሆን ነው አሰራሩ። ጥሩ። ግን ክልል ማለት እኮ ማሳው ዳር አጋዘን የሚተኛበት ሰውዬ ማለት አይደለም፣ ከክልል እስከሱ ዞን አለ፣ ወረዳ አለ፣ ቀበሌ አለ፣ ብሩ በየጣቢያው እየወረደ ነው የሚሄደው፣ እንደ ድሮ የጅቡቲ ባቡር።

ሰውየው ምንም ካልደረሰውስ? በ1983 የሆነውን አስታውስ። መንግስት ሲቀየር፣ ጠባቂ ሲበተን፣ ባሌ ተራሮች ፓርክ ውስጥ የነበረው የደጋ አጋዘን በጥቂት ወራት ተጨፍጭፎ ከብዙ መቶዎች ወደ ትንሽ መንጋ ወረደ። ስጋውን ፈልገው ብቻ አይደለም፣ ቂምም ነበረበት፣ "እንስሳው ከኔ ይበልጣል" ተብሎ ከግጦሽ የተባረረ ሰው እንስሳውን ለምን ይራራለታል። እዚሁ ምዕራብ ሐረርጌ፣ ከጭሮ ብዙም ሳይርቅ፣ ኩኒ ሙክታር የሚባል ለደጋ አጋዘን ተብሎ የተከለለ ተራራ አለ፣ አሁን የቀሩት ጥቂቶቹ በእርሻ ተከበው አንድ ጥግ ላይ ነው ያሉት። የሐረርጌ ሰው ራሱ አያውቀውም።

ስለ ባቢሌ ዝሆን ደግሞ እቅጩን ልንገርህ፣ በአደን ፈቃድ አይድንም። ዝሆን ማደን ክልክል ነው፣ መጠለያው ውስጥ ማናቸውንም ማደን ክልክል ነው፣ ስለዚህ የሚሸጥ ፈቃድ የለም፣ ቢኖርም የቀሩት በጥቂት መቶዎች የሚቆጠሩ ስለሆኑ የሚቀነስላቸው የለም። መጠለያው በ1970 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም ወደ 7 ሺህ ስኩዌር ኪሎሜትር ነበር፣ ከዛ ወዲህ ግን ሰፈራው፣ ከሰሉ፣ ማሳው በየጊዜው ገብቶበታል። አንዴ ኤረር ሸለቆ ወርጄ አንድ ገበሬ ማሳውን አሳይቶኝ ነበር፣ የዝሆኑ ዱካ የእንጀራ ሰፌድ ያክላል፣ መሃሉ ላይ ማሽላው ልጥፍ ብሎ ተኝቷል፣ አጥር ያደረገው ቁልቋል ከነእሾሁ ታኝኮ ቃጫው ተተፍቷል። ሌሊት ቆርቆሮ እየደበደቡ ነው የሚያድሩት። "አንተ ከከተማ መጥተህ ዝሆን ያምራል ትላለህ፣ ና እስቲ አንድ ሌሊት አብረኸኝ እደር" አለኝ። አላደርኩም፣ እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነው።

ለዛ ሰውዬ አዲስ አበባ 2007 ላይ 6 ቶን የዝሆን ጥርስ ተቃጠለ ብትለው ምን ይገባዋል? እሱ የሚገባው የተበላበት ማሽላ ካሳ፣ ልጁ ስካውት (የዱር እንስሳ ጠባቂ) ሆኖ የሚቀጠርበት ደሞዝ፣ ዝሆን ለማየት የሚመጣ መኪና ሲገባ ሰፈሩ ላይ የሚቀር ብር። ናሚቢያ በ1996 እ.ኤ.አ. ህግ አውጥታ ይሄን አድርጋለች፣ መንደሩ ራሱ ተደራጅቶ ከቱሪስቱም ከአዳኙም የሚመጣውን ብር ይቀበላል፣ ጠባቂውን ራሱ ይቀጥራል፣ ዛሬ እንዲህ የተደራጁት ከ80 በላይ ናቸው። ኬንያ ደግሞ በ1977 እ.ኤ.አ. አደንን ዘግታ በጉብኝት ብቻ ሄደች፣ ቱሪስቱ ጎረፈ፣ እንስሳው ግን ከፓርክ ውጪ ባለው መሬት ላይ በጣም ቀነሰ፣ ያኛው መሬት ላይ ላለው አርብቶ አደር ከቱሪስቱ የሚደርሰው ትንሽ ስለነበረ። ስለዚህ ክርክሩ ይገደል አይገደል ብቻ እንዳይመስልህ፣ የኔ ጥያቄ ሁሌ ብሩ ማን ኪስ ደረሰ ነው።

ለውዙን ግማሽ ኪሎ ላክለት። የተቆላውን። ቀሪው ግማሽ ለእናትህ፣ ሲያለቅሱ የሚቆረጥሙት።

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን አሉ። ከሐረር ወጣ ብሎ የቤተሰብ ማሳ አለን፣ ከርከሮ ስኳር ድንቹን ጨረሰው። ጎረቤታችን ጠመንጃ አለው፣ አንዳንዴም ለራሱ ጅግራና ቆቅ ይመታል። ከርከሮውን እንዲገድልልን ብንነግረው እንጠየቃለን እንዴ? ለነገሩ ማንም የማይበላው እንስሳ ነው።

መልስ፦ መጀመሪያ፣ "አንቱ" ስትለኝ ዞር ብዬ ሌላ ሰው አለ ወይ ብዬ አየሁ። ድሬ ውስጥ አንቱ የሚባል ሰው የለም፣ ከመሃል ሀገር ነው እንዴ የመጣኸው?

አዎ ትጠየቃላችሁ። አዋጅ 541/1999 ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መግደልን ይከለክላል፣ ይበላ አይበላ አይልም፣ የጎረቤትህ ጅግራም ያው ነው፣ ትንሽ ስለሆነች አትታለፍም። የጠመንጃ ፈቃድ ሌላ የአደን ፈቃድ ሌላ ነው፣ ብዙ ሰው ይሄን ያምታታል። ማሳ እያጠፋ ያለ እንስሳ ሲኖር ለወረዳው አመልክታችሁ፣ ባለሙያ አይቶት፣ በፈቃድ ነው እርምጃ የሚወሰደው። ይዘገያል፣ አውቃለሁ፣ እኔም አንዴ ለአንድ ቢሮ አመልክቼ መልሱ የመጣው ሰብሉ ከተሰበሰበ በኋላ ነው። እስከዛ ቦይ ቆፍሩ፣ የእሾህ አጥሩን ከስር አጥብቁት፣ ከርከሮ ብዙ ጊዜ ከስር ነው የሚገባው።

ለነገሩ "ማንም የማይበላው" ያልከው ከርከሮ ውጪ ሀገር ሰው ከፍሎ የሚያድነው ነው። እስቲ አስበው፣ አንተ ማሳ ላይ ያለ ምንም ዋጋ የሚሞተው እንስሳ ኮታ ወጥቶለት በፈቃድ ቢታደንና ክፍያው የስኳር ድንችህ ካሳ ቢሆን።

ጥያቄ፦ አቦ ጋሼ፣ እኛ አምስት የሐረማያ ልጆች ነን። ሐይቁ እንደተመለሰ ታውቃለህ። ተደራጅተን የዓሳ ጫጩት ልንጨምርበትና ልናሰግር አስበናል፣ ሐረርም ድሬም በፆም ዓሳ እንደልብ አይገኝም፣ የሚመጣውም ከስምጥ ሸለቆ በበረዶ ተጭኖ ነው። አንዱ ጓደኛችን ግን ከሽያጩ በየሳምንቱ ትንሽ እየቆረጥን ለሐይቁ መጠበቂያ እናስቀምጥ ይላል። አራታችን ገና ሳንጀምር ምን ይቆረጣል እንላለን። ማን ልክ ነው?

መልስ፦ አንዱ ልክ ነው። አራታችሁ አትቀየሙኝ።

ትንሽ ስለሆናችሁ ላታስታውሱት ትችላላችሁ፣ እኔ ግን ሐይቁ ሞልቶም ደርቆም አይቼዋለሁ። ከድሬ ደንገጎን ወጥተን ሜዳው ላይ ስንደርስ ሹፌሩ መስኮቱን ይከፍት ነበር፣ ነፋሱ ከውሃው ስለሚመጣ። ዳሩ ላይ የውሃ ሞተሮች ተደርድረው፣ ጎማ ቱቦው አስፋልት ስር ሁሉ አልፎ ወደ ጫት ማሳው ይሄዳል፣ እነዛ ሞተሮች አብረው ሲጮሁ የወፍጮ ቤት ሰፈር ነበር የሚመስለው። በዛ ላይ ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውሃ ከሱ ነበር የሚሳበው፣ ከተራራው ደግሞ ዝናብ በመጣ ቁጥር አፈሩ ታጥቦ ይገባበታል፣ ታቹ በደለል ተሞላ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ አንድ ቀን ሳልፍ ከብት መሃሉ ላይ ይግጣል። መሬቱ እንደ ተሰበረ ሸክላ ተሰነጣጥቆ ነበር። ሐረርም ውሃዋን ከድሬ በኩል ካለው ቆላ በረጅም ቧንቧ ማምጣት ነበረባት፣ እስከዛ በጀሪካን ወረፋ ስንት አመት እንደተሰቃየች የሐረር እናቶችን ጠይቁ።

ታድያ ያኔ ከሐይቁ የሚጠጣው ሁሉ በነፃ ነበር የሚጠጣው። ባለ ሞተሩ ለናፍጣው ይከፍላል እንጂ ለውሃው አይከፍልም፣ አሳ የሚያወጣው ለመረቡ ነው የሚያወጣው። ለሐይቁ የሚቆርጥ አንድ ሰው አልነበረም፣ ሲደርቅም ሁሉም እኩል ደነገጠ።

አዋጅ 315/1995 የዓሳ ሀብትን የሚመለከት ነው፣ ለንግድ ለማስገር ፈቃድ ያስፈልጋችኋል፣ አዲስ የዓሳ ዝርያ ውሃ ውስጥ መጨመርም እንዲሁ በዘፈቀደ አይደረግም፣ ስለዚህ ጫጩት ከመፈለጋችሁ በፊት ወረዳው ግብርና ጋ ሂዱ፣ ዩኒቨርሲቲውም እዚያው ጎናችሁ ነው፣ ስለ ሐይቁ ብዙ ያጠኑ ሰዎች አሉበት፣ በር አንኳኩ። ቆሮሶ በቶሎ ይረባል፣ አምባዛ ድፍርስ ውሃ ይችላል። መረባችሁ አይኑ ሰፋ ያለ ይሁን፣ ትንሹ እንዲያመልጥ። ጫሞ ሐይቅ ላይ ሰው የሚያወራለት ያ ትልቁ ነጭ ዓሳ የተመናመነው መረብ ስለበዛና አይኑ እየጠበበ ስለሄደ ነው፣ ሳይወልድ የተያዘ ዓሳ ለከርሞ አይኖርም።

የምትቆርጡትን ብር በተመለከተ ደግሞ ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ከመጀመሪያው ሽያጭ ጀምሩ፣ ገበያው ከደራ በኋላ ለመቁረጥ ማንም እጁ አይታዘዝለትም። ሁለተኛ፣ ለምን እንደሚውል አሁኑኑ ጻፉት፣ አምስታችሁም ፈርሙ፣ "ለሐይቁ" ብቻ ብላችሁ አትተዉት ምክንያቱም አንደኛው ሰርግ ሲደግስ ሐይቁ ይረሳል። ዳሩ ላይ ሳር ለመትከል፣ ከላይ ካለው ገደል የሚወርደውን አፈር ለማስቀረት እርከን ለሚሰሩ ቀን ሰራተኞች፣ ብላችሁ ለይታችሁ ጻፉ። የብሩን ሳጥን ቁልፍ ደግሞ ያ አንዱ ጓደኛችሁ አይያዘው፣ ሀሳቡን ያመጣው እሱ ስለሆነ ሰው ያማዋል፣ የአንዳችሁ እናት ትያዘው።

ግን ከዚህ ሁሉ በፊት አንድ ቅዳሜ ማለዳ ዳሩን ዙሩትና ስንት ሞተር እንደተተከለ ቁጠሩልኝ። ባለ ሞተሮቹ አጎቶቻችሁና ጎረቤቶቻችሁ እንደሆኑ አውቃለሁ፣ ስም አልጠየቅኳችሁም፣ ቁጥሩን ብቻ ላኩልኝ፣ በሚቀጥለው ወር እዚሁ አወጣዋለሁ፣ ከዛ ስለ ዓሳው እናወራለን።